የእማማ ትርፌ ጣሪያና የእኛ ድንኳን

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ሀና ማርያም

አይሱዙው ታክሲ ተራው ጥግ ላይ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። ዝናቡ ሲያወርደው አድሮ አሁን ደክሞት ያካፋል። አሥራ አንድ ወጣቶች ነን፤ ግማሾቻችን ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ሥራ የምንጠብቅ፣ ግማሾቻችን ገና ተማሪዎች። መሪያችን ናሆም ነው፤ አንድ ቃል በሚበቃበት ቦታ ንግግር የሚያደርግ፣ ግን ልቡ ንጹሕ የሆነ ልጅ። በእጁ የስም ዝርዝር ይዞ ይጠራናል። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያውቀንን አሥር ሰዎች ለመጥራት ዝርዝር ለምን እንዳስፈለገው አልገባኝም። በዚህ ጉዞ ካልገቡኝ ብዙ ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነበር።

የምንሄደው በቡታጅራ መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ያስለቀስናቸውን ሰዎች ደግሞ በአደባባይ ላሳጣቸው አልፈልግም። ሥራው የክረምት በጎ ፈቃድ ነው። እማማ ትርፌ የተባሉ የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት ጣሪያው ሊወድቅ ደርሷል ተብሎ፣ አፍርሰን በአዲስ ቆርቆሮ ልንከድን እስከ እሁድ ቀጠሮ ይዘናል። ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ሰፈር ለሰፈር ዞረን ለምነናል።

የእኔ ድርሻ ድንኳን ነበር። ጣሪያው ሲነሳ የእናትየው ዕቃ በዝናብ እንዳይበሰብስ መጠለያ ያስፈልጋል ብዬ ያሰብኩት እኔ ነኝ። አባቴን ጨቅጭቄ የእድራችንን ድንኳን ተዋስኩ። ሌላ ማንም ስላላሰበው ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር፤ አልዋሽም።

ሁላችንም ጥቁር ቲሸርት ለብሰናል። ቀለሙን የመረጠው ናሆም ነው፤ "ጭቃ አያሳይም" ብሎ። ደረቱ ላይ የታተመው የቡድናችን ስም ከሁለት እርምጃ ርቀት አይነበብም።

ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ ስልሳ ዓመት የሞላቸው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ድንኳኑን ሲጭኑ፣ "ማሂ፣ ጠዋት ጠዋት ድንኳን ጭኜ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አሉኝ። ሳቅን። ናሆም ፎቶ አነሳን፣ ተነሣን።

ሐሙስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፤ መንገድ ላይ

ፉሪን ስናልፍ ግራና ቀኙ ያላለቀ ቤት ነው፤ ብሎኬት፣ አሸዋ፣ የእንጨት መወጣጫ፣ ላስቲክ የለበሰ መስኮት። ከአለም ገና በኋላ አየሩ ተለወጠ። የጤፍ ማሳ ላይ በሬ ይዞራል፤ የመንገዱ ዳር በሽንኩርትና በከሰል ጆንያ ተሞልቷል። ለመን ላይ ወርደን ሻይ በቦንቦሊኖ ጠጣን። ሻዩ ከሰፈራችን ይረክሳል፣ ብርጭቆውም ከሰፈራችን ይበልጣል። ናሆም ይህንን እንደ ትልቅ ግኝት ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ከአስፋልቱ እንደወጣን አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ገባ። ገፋን። ድንጋይ አነጠፍን፣ ቅጠል ቆረጥን፣ ደግሞ ገፋን። ጋሽ ታደሰ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ "በጎ ፈቃዱ እዚሁ ይጀመር!" ይላሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስንገፋ ጥቁሩ ቲሸርት ጭቃ እንደሚያሳይ ተረዳን።

ከተማዋ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ ጥቂት ሱቆች፣ ወፍጮ ቤት፣ ትምህርት ቤት። የተቀበለን የቀበሌው ሠራተኛ ማደሪያ እንዲሆነን አንድ መማሪያ ክፍል ከፈተልን። "እማማ ትርፌ መምጣታችንን ያውቃሉ?" አልኩት።

"ነግሬያቸዋለሁ። ከአምና ጀምሮ ነው የነገርኳቸው" አለ።

አምና የተነገረ ነገር ዘንድሮ ምን ያህል እንደሚታመን መጠየቅ ነበረብኝ። ዴስክ ገጣጥሜ አልጋ መሥራት ላይ ስለነበርኩ አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ እማማ ትርፌ ቤት

ናሆም ገና ሳይነጋጋ ቀሰቀሰን። "የገጠር ሰው ማልዶ ነው የሚነሣው፤ ፀሐይ ወጥታ ብንደርስ መሳቂያ ነው የምንሆነው" አለ። ደግሞም የአዲስ አበባ ልጆች ሰፈሩን በጫጫታ አወኩት እንዳይባል ማንም እንዳይስቅ፣ ማንም እንዳያወራ አሳሰበን። ኮፍያ ያደረገ ኮፍያውን አወለቀ።

አሁን ሳስበው ራሴን ከውጭ ሆኜ ለማየት እሞክራለሁ። አሥራ አንድ ሰው፣ ጥቁር ለብሶ፣ በንጋት፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ድንኳን ተሸክሞ፣ ትንፍሽ ሳይል ወደ አንዲት ብቸኛ እናት ቤት ይሄዳል። ሀና ማርያም ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሰዎቹ ማልደው ተሰብስበው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ነው የሚመጡት። ይህንን ሁሉ እያወቅኩ አንድም ጊዜ በሐሳቤ ውልብ አላለም።

ሱቋን የምትከፍት ሴት አገኘንና የእማማ ትርፌን ቤት ጠየቅናት።

"ከየት ነው የመጣችሁት?" አለች።

"ከአዲስ አበባ። ከሀና ማርያም።"

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቤቱን በጣቷ አሳየችን። ከዚያ አሁን የከፈተችውን ሱቅ መልሳ ዘጋችው። ዞር ብዬ ሳያት ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነው ብዬ አለፍኩ።

ቤቱ ከተነገረን የባሰ ነው። ጣሪያው ዝጎ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል፤ አንዱ ግድግዳ በባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። በሩ ዝግ ነው። ናሆም፣ "አንቀስቅሳቸው፤ መጀመሪያ ድንኳኑን እንትከል። ሲወጡ ዝግጁ ሆነን እንጠብቃቸው" አለ። ድንኳን ግን ማናችንም ተክለን አናውቅም። የቱ ቋሚ የቱ አግዳሚ እንደሆነ ስንጨቃጨቅ፣ ጋቢ የደረቡ ሰዎች ከየአቅጣጫው መጡ። ሰላምታም አላበዙ። ብረቱን ከእጃችን ተቀብለው አፍታ ሳይቆዩ አቆሙት። ሴቶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ገቡ። አንዱ ሽማግሌ ሲያልፉ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ናሆም ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ማሂ፣ አየሽ? የኅብረተሰብ ተሳትፎ ማለት ይሄ ነው" አለኝ።

እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። ይህ ሁሉ ሰው ለሥራ መጥቶ እንዴት አንድ ሰው እንኳ መዶሻ አልያዘም? ለምን ሁሉም ተቀመጡ? ለምንስ የሴቶቹ ነጠላ ሁሉ ተዘቅዝቋል?

በሩ ተከፈተ። እማማ ትርፌ ፊታቸውን ሊታጠቡ የውኃ ጣሳ ይዘው ወጡ፤ ቀጭን፣ አጠር ያሉ እናት ናቸው። ድንኳኑን አዩ። የተቀመጠውን ሰው አዩ። እኛን አዩ። ናሆም የተዘጋጀበትን ንግግር ሊጀምር አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

"እማማ፣ እኛ ከሀና ማርያም..."

"ደረጀ!" አሉ። "ልጄን! ልጄን!"

ጣሳው ወደቀ፣ እሳቸውም ወደቁ። ድንኳኑ በአንድ ጊዜ በጩኸት ተሞላ። ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፣ ወንዶች "ወንድሜን" እያሉ ያለቅሳሉ። ከእኛ ልጆች አንዷ ምክንያቱን ሳታውቅ አብራ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ከባለሱቋ ጎን ተጠግቼ፣ "ማን ሞቶ ነው?" አልኳት።

ለቅሶዋን አቁማ አፈጠጠችብኝ። "እናንተ አይደላችሁ እንዴ መርዶውን ያመጣችሁት? ሀና ማርያም የሚሠራው ልጃቸው ነዋ!"

ቁጭ አልኩ፤ ጭቃው ላይ።

ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ድንኳኑ ውስጥ

የከተማዋ እድር ዳኛ አቶ ወልዴ ናሆምን ከድንኳኑ ጀርባ ወስደው ሁሉንም ጠየቁት። ከዚያ ራሳቸውን ያዙ። "እናንተ ልጆች፣ ድንኳን እንዲሁ ይተከላል? ሰው ቤት እንዲህ ይመጣል?" አሉን። መልካም ልናደርግ ነው የመጣነው ማለት በዚያ ሰዓት ስድብ ነበር።

ከጩኸቱ ይልቅ ከባድ የሆነው ግን ማስተባበሉ ነው። አቶ ወልዴ ለሕዝቡ አስረዱ፤ ሰው ተረዳ፣ አንዳንዱም ተቆጣ። እማማ ትርፌ ግን አላመኑም። ለምን ያምናሉ? መርዶ መቼ በአንዴ ይነገራል? መጀመሪያ "ደህና ነው" ይባላል፤ ቀጥሎ "ትንሽ አሞታል"፤ ቀጥሎ "ሐኪም ቤት ነው"። ስለዚህ እኛ "እማማ፣ ልጅዎ አልሞተም፤ እኛ እንዲያውም አናውቀውም" ባልን ቁጥር ለቅሶው ይብሳል።

እጃቸውን ይዤ ተንበረከክሁ። "በማርያም፣ እማማ፣ ለቤቱ ነው የመጣነው። ጣሪያውን ልንሠራልዎ።"

"አሁን ለማን ብዬ ነው ቤት የምሠራው?" አሉኝ። "አትደብቁኝ ልጄ። እኔ እችለዋለሁ። ብቻ የት እንደቀበራችሁት ንገሩኝ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ጥፋተኛ ሆኜ አላውቅም።

ደረጀ ብቸኛ ልጃቸው ነው። ግንበኛ ነው። ከፋሲካ ወዲህ አልደወለም፤ የነበረው ስልክ ቁጥርም አይሠራም። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወት መኖሩን ከመካከላችን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሳናውቅ እውነት ተናግረን ቢሆንስ?

አቶ ወልዴ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ከደረጀ ጋር የሄደ የከተማው ልጅ ፉሪ ውስጥ፣ ከሀና ማርያም አልፎ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ እየሠራ ነው ብሎ ነግሯቸዋል። "ድንኳኑን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሂጂና ልጁን አምጪ። እስክትመጪ ድንኳኑ አይነሣም።"

ጋሽ ታደሰ ሞተር ሲያስነሡ፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ። ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፤ ፉሪ

ፉሪ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ፈልጉ መባል ገበያ ውስጥ ነጠላ የለበሰች ሴት ፈልጉ እንደመባል ነው። የመጀመሪያው ዘበኛ ደረጀ የሚባል አናጢ አመጣልን፤ የጎጃም ሰው ነው። ሁለተኛው ቦታ ፎርማኑ ሥራ ልጠይቅ የመጣሁ መስሎት፣ "ሴት ቀን ሠራተኛ ሞልቶናል" አለኝ። ሦስተኛው ቦታ ጭራሽ ሕንፃው አምስት ፎቅ ነው። ጋሽ ታደሰ በየሄድንበት አይሱዙውን ማዞሪያ ያጣሉ። ከቤታችን በአንድ ታክሲ በሚደረስበት ሰፈር፣ በየሳምንቱ በማልፍበት መንገድ፣ እንግዳ ሆኜ ስዋትት ዋልኩ።

አራተኛው ሕንፃ ላይ ዘበኛው፣ "ደረጀ ግንበኛው? የቡታጅራ መንገዱ? ሦስተኛ ፎቅ ነው" አለኝ። ጠራው። የሲሚንቶ ማልታ የደረቀበት ሱሪ የለበሰ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ የእናቱን ፊት ቁርጥ የያዘ ሰው ከላይ ብቅ አለ። እየወረደ አየኝ፤ ጥቁር ቲሸርቴን፣ ያበጠ ዓይኔን፣ አጠገቤ ኮፍያቸውን አውልቀው የቆሙትን ጋሽ ታደሰን። እርምጃው ዘገመ። ደረጃው መሐል ቆመ።

"እናትህ ጋ ሄደን ነበር" አልኩ።

ፊቱ አመድ መሰለ። "እማዬ?" አለ። "እማዬ ምን ሆነች?"

ደግሜ ሠራሁት! "ደህና ናት" ልለው ነበር፤ ግን ያች ቃል የመርዶ መጀመሪያ እንደሆነች ጠዋት ተምሬያለሁ። ስለዚህ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

"ማንም አልሞተም! እናትህም አልሞተችም፣ አንተም አልሞትክም!"

ከየፎቁ ሠራተኛው ወደታች አየ። አንዱ ከላይ፣ "እሰይ፣ ደሬ አልሞትክም አሉ!" ብሎ ጮኸ፣ ሳቁ። ደረጀ አልሳቀም። ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማኝ። ስለ ድንኳኑ ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ለአቶ ወልዴ ደወልን። ስልኩን እማማ ትርፌ ጆሮ ላይ አደረጉት። ደረጀ "እማዬ" ከማለቱ መስመሩ ተቆረጠ። ደጋግመን ብንሞክር አልገባም። በኋላ እንደሰማሁት፣ እናትየው "ድምፁ የሱ ነው፤ ታዲያ ማን አቋረጠው?" ብለው የባሰ አልቅሰዋል።

"ለምን አልደወልክላቸውም?" አልኩት። ቁጣ ነበረብኝ፤ ጥፋቴን የሚጋራ ሰው ፈልጌ ይሆናል።

"ስልኬ ተሰርቆ ነው" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ስልኩ አይደለም። ለፋሲካ ቆርቆሮ ይዤ መጥቼ ጣሪያውን እሠራልሻለሁ ብያት ነበር። ሳልችል ቀረሁ። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የኛ ቤት ነው የሚታየኝ። ደውዬ ምን ልበላት? እየዘነበብሽ ነው ወይ ልበላት?" አለኝ።

ከጀርባው የሰው ቤት አራት ፎቅ ቆሟል።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ዳግም ከተማዋ

መሽቶብን ቤቴ አድሬ ስለተነሣሁ የዛሬው ልብሴ የእህቴ ቢጫ ሹራብ ነው። ደረጀ በእኔና በጋሽ ታደሰ መካከል ተቀምጧል። ከተማዋ ልትታይ ስትል፣ "ምን ልበላት?" ብሎ ጠየቀ።

"ምንም አትበላት፤ ዝም ብለህ ፊቷ ቁም" አሉት ጋሽ ታደሰ።

ድንኳኑ እንደተተከለ ነው። መጀመሪያ ያየችው ባለሱቋ ናት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ሰው መንገድ ለቀቀለት። እማማ ትርፌ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩት፤ አልጮኹም። ተነሥተው ግንባሩን ዳሰሱ፣ ጆሮውን ዳሰሱ፣ ትከሻው ላይ የቀረውን ሲሚንቶ አራገፉ። ከዚያ በጥፊ አሉት። ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ በሁለት እጃቸው ይዘው ደረቱ ላይ አለቀሱ፤ ይህ ለቅሶ ድምፅ አልነበረውም። እኔም አለቀስኩ። ናሆም አለቀሰ። አቶ ወልዴ ፊታቸውን ወደ ወፍጮ ቤቱ አዞሩ።

ለለቅሶው የተቀቀለ አንድ ድስት ንፍሮ ነበር። በቁሙ ላለ ሰው የተቀቀለ ንፍሮ ምን ይደረጋል? ደረጀ ራሱ ዘግኖ አፉ ውስጥ ጨመረና፣ "ጨው ያንሰዋል" አለ። ያን ጊዜ ነው ድንኳኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው።

ጣሪያው ላይ ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። እኛ መዶሻ ስንይዝ አይቶ አዘነልን፤ ቆርቆሮ አቀባዮች አደረገን። ናሆም እንኳ አንድ ንግግር ሳያደርግ ሚስማር ሲያቀብል ዋለ። የሰፈሩ ወንዶችም ጋቢያቸውን ጥለው ገቡበት። እማማ ትርፌ ዕቃቸው መሐል፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"ደረጀ!"

"አቤት እማዬ!" ብሎ የፈለጉት ነገር ያለ መስሎት ወረደ። "ምን ላምጣልሽ?"

"ምንም። ሥራህን ሥራ።"

ወጣ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ጠሩት። "አቤት!" "ምንም።" እንዲህ ሲሉ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ እሱም መውረዱን ተወ፤ መዶሻውን ሳያቆም "አቤት" ይላል፤ እሳቸው ዝም ይላሉ።

ምን እንደሠራን እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። በሥርዓቱ ሄደን ቢሆን ኖሮ ጣሪያውን ሠርተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለስ ነበር፤ ልጁም ፉሪ፣ እናቱም እዚያ እንደተለያዩ ይቀሩ ነበር። ይህን አስቤ ልጽናና ስል፣ "የት እንደቀበራችሁት ንገሩኝ" ያሉኝ ድምፅ ይመጣብኛል። ያንን ቀን ከእሳቸው ዕድሜ ላይ የማነሣበት መንገድ የለኝም። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ "እግዜር ይይልሽ" ብለው ሳሙኝ፤ ይቅር ያሉኝ ይሁን የታዘቡኝ አላወቅኩም።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። እኛ ወደ ድንኳኑ ሮጥን፤ ደረጀ የመጨረሻዋን ቆርቆሮ ሳይመታ አልወርድም ብሎ ላይ ቀረ። ዕቃው እየገባ ነበርና እማማ ትርፌ በአዲሱ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሰው ድምፅ የሚባል አይሰማም። በሩ ላይ ቆመው ሲጠሩት አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። መልስ የለም። ደግመው ጠሩ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ዝናቡ ውስጥ ወጡ፤ ግቢው መሐል ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

"ደረጀ!"

ከጣሪያው ጫፍ ውኃ የሚያንጠባጥብ ፊት ብቅ አለ።

"አቤት!"

"ምንም" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።